ከበር ወደ ምድጃ

አወቀ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ቀን ምጽዋት ተሰጠው።

በ2000 ዓ.ም.፣ በወርኃ ጥር ነው። አምስት አካል ጉዳተኞች በማኅበር ተደራጅተው፣ ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ጀርባ በተሰጠቻቸው ጠባብ ቤት «ትጋት ካፌ» ብለው ቡና መሸጥ ጀመሩ። ሥራ ሲከፋፈሉ፣ በልጅነቷ ፖሊዮ አንድ እግሯን ያሰነከላት ሊቀመንበሯ ሥራነሽ ሒሳብ መቀበሉን ያዘች። መስማት የተሳነው ፍሥሐ አስተናጋጅ ሆነ። ሁለቱ ሴቶች ዕቃ ማጠብና ጽዳት ደረሳቸው። የቡና ማሽኑን እንዲይዝ ደግሞ ጌቱ የሚባል፣ ዓይኑም ጆሮውም እግሩም ሙሉ የሆነ ወጣት ከባሕር ዳር በደመወዝ ተቀጠረ። ለዓይነ ስውሩ ለአወቀ የተረፈው በሩ ነበር። በሩ አጠገብ በርጩማ አኖሩለትና «አንተ እዚህ ተቀምጠህ ለሚገባው ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ በል» አሉት።

እሱም ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጥምጥሙን አስተካክሎ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል ተክሎ ተቀመጠ። እንግዲህ ጎጃም ውስጥ ጥምጥም ያሰረ ዓይነ ስውር በር ላይ ተቀምጦ ያየ ሰው ምን ያደርጋል? እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት መጡና ሳንቲም መዳፉ ላይ አኑረው «በጸሎትዎ ያስቡኝ አባቴ» አሉት። ቀጥሎ አንድ ነጋዴ። ቀጥሎ ቡና ሊጠጡ የገቡ ሁለት አስተማሪዎች። ለቡናው የሚከፍሉትን ከማውጣታቸው በፊት ለአወቀ አወጡ።

ከሁሉም የከፋው ግን የአወቀ የራሱ አፍ ነበር። ልቡ «ኧረ እኔ ሠራተኛ ነኝ!» እያለ ሲጮህ፣ አፉ ይቀድምና «እግዜር ይስጥልኝ፤ መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልኝ» ብሎ ይመርቃል። ዐሥራ ሁለት ዓመት መመረቅ የለመደ አፍ ነው፤ በአንድ ጠዋት ከየት ተምሮ ዝም ይበል?

ማታ ሊዘጉ ሲሉ ሳንቲሙን አፍሶ ሥራነሽ ፊት አስቀመጠው።

«ይኸውልሽ እትዬ ሥራነሽ፣ የበሩ ገቢ ነው» አላት።

ሥራነሽ አልሳቀችም። አወቀም የሚያስቅ ነገር መናገሩ አልነበረም።

«እኔ እኮ ደጅ መቀመጥ ቢያምረኝ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እቀመጥ ነበር። እዚያስ የዋርካ ጥላ አለው» አለ። «ቡና መቁላት እችላለሁ ብዬ ነግሬሽ የለም ወይ? ምድጃውን ስጡኝ።»

ነግሯት ነበር፤ እውነቱን ነው። ማኅበሩ ሲመሠረትም በስብሰባ ላይ ተናግሯል። ያን ጊዜ ያደራጃቸው የጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ታረቀኝ ነበሩ የመለሱለት። «እሳትና ዓይነ ስውር? ቢቃጠልስ በማን ይላከካል? አንተ በሩ ላይ ብትሆን እኮ ለእንግዳም ትታያለህ፣ ለማኅበሩም ውበት ነው» ብለው ቅጹ ላይ «አወቀ፦ እንግዳ ተቀባይ» ብለው ጻፉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሥራነሽም ወረቀቱን ፈራች። ከዚያ ይልቅ ግን የፈራችው እሳቱን ነበር፤ ይህንንም አልደበቀችውም።

አወቀ የተወለደው ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። አምስት ዓመት ሲሞላው ኩፍኝ መጣና ዓይኖቹን ይዞበት ሄደ። በዚያ አገር ዓይኑ የጠፋ ልጅ መንገዱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ያደርሳሉ። አንዱ ከቅጥሩ ውስጥ ያስገባል፤ ሌላው ከቅጥሩ በር ላይ ያስቀምጣል። አባቱ የመጀመሪያውን መረጡለት። በቅሎ ላይ አፈናጥጠው ደብረ ኤልያስ ወሰዱትና ለዜማ መምህር ሰጡት።

ዐሥራ አራት ዓመት ተማረ። ጆሮው ጉድ ነበር። አርባ ተማሪ አንድ ላይ ሲያዜም የሳተውን ከመካከል ለይቶ ያወጣል፤ «ከበስተግራ፣ ከኋላ፣ ያ የጉንደ ወይኑ ልጅ ነው» ይላል። የኔታ አንዳንዴ እሱን እየጠየቁ ነበር ተማሪ የሚገሥጹት። በዚህም የተነሣ ወዳጅ አልበዛለትም። ዳሩ ግን እግዜር ጆሮውን ሲሰጠው ጉሮሮውን ነሥቶታል። ድምፁ እንደ ድንጋይ ወፍጮ ሻካራ ነው። ዜማውን ልቅም አድርጎ ያውቃል፤ አፉን ሲከፍት ግን ሰው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይይዛል። ጎርናና መሪጌታ የሚፈልግ ደብር ደግሞ የለም።

ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ከተማ ገባ። በየቤቱ እየዞረ ዳዊት ይደግማል፤ ዝክር ሲኖር ይጠራል፤ በልቶ ጠጥቶ፣ የተቋጠረለትን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ማንም አልናቀውም፤ ማንም ግን አልቀጠረውም። በዚህ መሀል የብርጓልን አገባ። እሷም እህል መጋዘን ውስጥ በቀን ሥራ እህል የምታበጥር፣ እጇ የፈጠነ፣ ምላሷ ደግሞ ከእጇ የባሰ ሴት ናት። ሁለት ልጆች ወለዱ።

ቡና መቁላት የተማረው ሚስቱ ሁለተኛዋን ልጅ ወልዳ በተኛች ጊዜ ነው። የአራስ ጠያቂ ይመጣል፤ ቡና ካልቀረበለት ቅር ይለዋል፤ በቤቱ ሌላ ሴት የለችም። ደብተራው ብረት ምጣዱን ጣደ። የሰፈሩ ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። በእነሱ ቤት ወንድ ልጅ ቡና ቆላ ማለት በሬ ታለበ እንደ ማለት ነው። ስኒው ሲደርሳቸው ግን ሳቁ ቆመና «ለመሆኑ ማን ነው የቆላው?» ተባባሉ። አወቀ ሲቆላ በጆሮው ነበር የሚቆላው። ፍሬው ሲንጣጣ ይሰማል፤ ሽታው ከጥሬ ሣር ወደ ዳቦ፣ ከዳቦ ወደ ቡና ሲዞር ይከተላል። ከዚያ በኋላ በቤታቸው ምጣዱን የሚጥደው እሱ ሆነ፤ የብርጓልም «ባል አገባሁ ብዬ ቡና ቆይ አገኘሁ» እያለች በየሰፈሩ ትኮራበት ነበር።

እንግዲህ አወቀ በዕድሜው አንድ የተመሰገነበት የእጅ ሥራ ቢኖር ይህ ነው። ካፌው ተከፍቶለት፣ ምድጃው ከጀርባው ዐሥር ርምጃ ላይ እየነደደ፣ እሱ በር ላይ ተቀምጦ ሳንቲም ይቀበላል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከዚያ በርጩማ ተነሥቶ እሳቱ ዘንድ መቆም። ካልሆነ፣ ቀሪ ዕድሜውን «ሠራተኛ» ተብሎ ለማኝ ሆኖ ሊኖር ነው። ይህን ሲያስበው ደረቱ ይቃጠል ነበር።

የካቲት 24 ሰኞ ሁዳዴ ገባ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ትጋት ካፌ ደህና ይሸጥ ነበር፤ ያሸጠውም የጌቱ ማኪያቶ ነው። ልጁ ወተት ሲያስነሣ እጁ የተባረከ ነው፤ አረፋው ላይ ቅጠል ይሥላል፣ ልብ ይሥላል። ቅበላው አለፈና ወተት ከደብረ ማርቆስ ጠፋ። የቀረው ጥቁር ቡና ብቻ ነው። ጥቁር ቡና ደግሞ ሐሜተኛ ነው፤ ወተት የሸፈነውን ገመና ሁሉ አውጥቶ ይናገራል።

የጌቱ ገመና አቆላሉ ነበር። በዓይኑ ነው የሚቆላው። ጓዳው ጨለም ያለና ጢስ የሞላበት ስለሆነ፣ አሁን ጠቆረ ብሎ ሲያወርደው ፍሬው ከሰል ሆኖ ቆይቷል።

ታዲያ ለምን አልቀመሰውም? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጎጃምን አያውቅም። ሥራነሽም፣ ፍሥሐም፣ ዕቃ አጣቢዎቹም፣ ጌቱም ቢሆን፣ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም። አወቀ ደግሞ ከዜማ ቤት ጀምሮ ሁዳዴን ሙሉ ቡና የሚባል ነገር በአፉ አይዞርም። ስለዚህ ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድም ሠራተኛ ያልቀመሰው ቡና ሲሸጥ ይውላል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጌቱ አንድ ስኒ ለራሱ ይቀዳና ፉት ብሎ «ማር ነው!» ይላል። ቀኑን ሙሉ ለደረቀ አፍ ምን ማር የማይሆን አለ?

ጠጪዎቹስ ለምን አልተናገሩም? ጠዋት ቡና የሚጠጣው መንገደኛ፣ ሹፌርና ጾሙን ቀለል አድርጎ የያዘ የቢሮ ሰው ነው። ጾም ሲገድፍ መታየት የማይፈልግ ሰው ስለ ቡና ጥራት ድምፁን ከፍ አድርጎ አይከራከርም። ሁለት ጊዜ ፉት ይልና፣ ፊቱን አጨፍግጎ፣ ከፍሎ ውልቅ ይላል። ተመልሶም አይመጣም።

ነገሩን መጀመሪያ የነቃበት ፍሥሐ ነው። ፍሥሐና አወቀ አንዱ አይሰማ፣ አንዱ አያይ፤ ግን በአንድ ወር ውስጥ የራሳቸውን ቋንቋ ፈጥረው ነበር። ትከሻ ላይ አንድ መታ ማለት ሰው ገባ ነው፤ ሁለት መታ ሰው ወጣ። ረቡዕ ጠዋት ፍሥሐ ወደ በሩ መጣና ትከሻውን ሳይነካ የአወቀን እጅ ያዘ፤ መዳፉ ላይም ስኒ አስቀመጠበት። ስኒው ቀዝቅዟል፤ ከባድም ነው። አወቀ ግራ ገባው። ፍሥሐ ሄዶ ሁለተኛ አመጣ። እሱም ከባድ። ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ሲመጣ አወቀ ገባው፤ ሰዎች ሳይጠጡት የተዉት ነው። ስኒውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ይኼ ቡና አይደለም» አለ፣ ተነሥቶ ወደ ውስጥ እየገባ። «አመድ ነው! እትዬ ሥራነሽ፣ ሦስት ቀን አመድ ስንሸጥ ከርመናል።»

ጌቱ ከማሽኑ ጀርባ ብቅ አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ሥራውን በሰው ፊት የነቀፉበት ወጣት ነው።

«ጋሸ አወቀ፣ አንቱ ሁዳዴን ቡና እንደማይቀምሱ ማርቆስ በሙሉ ያውቃል። ያልቀመሱትን ነገር መጥፎ ነው ይላሉ?»

«አፌ ነው የጾመው ልጄ፤ አፍንጫዬ መች ጾመ?»

ሥራነሽ በክራንቿ ወለሉን ስትመታ ተሰማ፤ ስትጨነቅ እንዲህ ታደርጋለች። ሰኞ የመጣው ሰው ማክሰኞ እንዳልመጣ፣ የማክሰኞውም ረቡዕ እንደቀረ ታውቃለች። «ወንድማለም፣ አንዲት ጉንጭ ቅመሳትና ቁርጡን ንገረኝ። እግዜር አይቆጣም፤ ለሥራ ነው» አለችው።

«አልቀምስም» አለ አወቀ። «ግን አንድ ጠዋት ምድጃውን ስጪኝ።»

ሥራነሽ የተመለሱትን ስኒዎች አንድ በአንድ ቆጠረች። በመጨረሻ «አንድ ጠዋት» አለች። «ከተበላሸ ግን ወደ በርህ ትመለሳለህ፤ ሁለተኛም ስለ ምድጃ አትጠይቀኝም። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

ሐሙስ ጠዋት አወቀ እሳቱ ፊት ቆመ። ሰፊው ምጣድ ላይ ሦስት ኪሎ ቡና አፈሰሰ፤ ማማሰያውን ያዘ፤ ጆሮውን አዘነበለ። ልቡ ከምጣዱ በላይ ይንጣጣ ነበር። ሽታው ዞረ፤ ከዚያ አንድ ፍሬ ጧ አለ። ሌላው ተከተለ፣ ሌላም። አወቀ የጌቱን ከሰል አስታወሰና «እንዳያልፍ! እንዳያልፍ!» ብሎ ምጣዱን ወዲያው አወረደ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቡናው ጥሬ ነበር። ስኒዎቹ እንደ ገና ከባድ ሆነው ተመለሱ፤ ፍሥሐም አንድ በአንድ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት፤ ይህ ልጅ መዋሸት አይችልበትም። ይባስ ብሎ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከጠረጴዛው ሆኖ «ይኼ ቡና ነው ወይስ የባቄላ ውኃ?» ብሎ ጮኸ። ጌቱ ጥሬውን ቡና ደፍቶ ማሽኑን ማጠብ ጀመረ፤ ይህ ከሹፌሩ ጩኸት ይልቅ አወቀን አሳመመው።

አወቀ ማንም ሳይነግረው ዱላውን አነሣና ወደ በርጩማው ተመለሰ። ገና አረፍ ከማለቱ አንድ ሰው ሳንቲም አቀበለው። አፉም መረቀ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲገባ የብርጓል ምስር እየለቀመች ነበር። ፊቱን አይታ «ምን ሆነሃል?» አለችው። ሁሉንም ነገራት። «ጆሮዬ ከዳኝ» አለ በመጨረሻ። ከኩፍኙ በኋላ እግዜር ያተረፈለት ነገር ጆሮው ብቻ ነበር፤ እሱም ከከዳው ምን ሊቀረው ነው?

የብርጓል ምስሩን መልቀም አላቆመችም።

«ስንት ቆላህ?»

«ሦስት ኪሎ።»

«እቤት ስንት ነበር የምትቆላው?»

«አንድ እፍኝ፣ ሁለት እፍኝ።»

«ታዲያ አንተ ሰውዬ! አንድ ተማሪና አርባ ተማሪ አንድ ዓይነት ሆኖ ነው ዜማው የሚሰማው? ስንት ዓመት ደብረ ኤልያስ ምን ስትሠራ ነው የከረምከው?»

ያ የአወቀ ሻካራ ሳቅ ቤቱን ሞላው። እውነቷን ነው! ማኅሌት ላይ መሪው ብቻውን ሲያነሣ ዜማው ሞላ የሚል ማን ነው? መሪ ያነሣል፤ ተቀባዩ ይገባል፤ የኋለኛው ረድፍ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ነው መቅደሱ የሚሞላው። እሱ እኮ መሪዎቹን ሰምቶ ነው ከማኅሌቱ የወጣው። ከሥር ምጣዱን የነኩት ፍሬዎች ጮኹ፤ ከላይ ያሉት ገና አፋቸውንም አልከፈቱም ነበር።

ችግሩ፣ ሁለተኛ እንዳይጠይቅ ቃል ገብቷል። ቃሉንም ጠበቀ። አልጠየቀም። ዓርብ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሁሉም ቀድሞ መጣ፤ ጠራጊዋ በር ስትከፍትለት በርጩማውን በእግሩ አልፎ ቀጥ ብሎ ጓዳ ገባ፤ እሳት አያያዘ፤ ምጣዱን ጣደ።

ጌቱ ሲደርስ ቡናው ወርቅማ መልክ መያዝ ጀምሮ ነበር። «ጋሸ፣ እትዬ ሥራነሽ ፈቀዱ?» አለ።

«አልጠየቅኋትም።»

ጌቱ መሳቅም መቆጣትም አማረው። ቢሆንም ምጣዱን አልነጠቀም፤ አጠገቡ ቆሞ ይመለከት ጀመር። አንድ ፍሬ ጧ አለ። ሦስት፣ አራት ተከተሉ።

«ጋሸ፣ ይበቃዋል! እየተንጣጣ ነው!»

«ገና ነው። እነዚህ መሪዎቹ ናቸው፤ ተቀባዮቹ አልገቡም።»

አወቀ ማማሰያውን ከሥር ወደ ላይ እያገላበጠ ይጠብቃል። መንጣጣቱ ከግራ ተነሣ፣ ከቀኝ ተቀበለው፣ ከዚያ መላው ምጣድ በአንድ ጊዜ ገባ፤ ጓዳው የደረቀ ቅርንጫፍ ከእሳት እንደ ጨመሩበት ተንጣጣ። «ያርራል!» አለ ጌቱ። አወቀ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘው። የዜማ ቤቱን ሥልጣን መልሶ የያዘ ይመስል ነበር። ድምፁ ሳሳ። ከኋላ ረድፍ ሁለት ሰነፎች ዘግይተው ጧ፣ ጧ አሉ። ሽታው ከፍ ብሎ ጣፋጭ ሆነ።

«አሁን!» አለ። ምጣዱን አንሥቶ ሰፊው ወንፊት ላይ ገለበጠው።

ሥራነሽ ስትመጣ ቡናው ተፈጭቶ አልቋል። ማን እንደ ቆላው ከጌቱ ፊት አነበበች። የመጣው ይምጣ ብላ ነው መሰል፣ ወደ ሒሳብ ጠረጴዛዋ ሄደች። አወቀ ጓዳ ውስጥ ቀረ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ የስኒ ድምፅ ያዳምጣል። ሰው ገባ። ማሽኑ አጉረመረመ። ወንበር ተጎተተ። ከዚያ ዝም።

የፍሥሐ እጅ መጣ። እጁን ይዞ ስኒ አስቀመጠበት። አወቀ ክብደቱን እየጠበቀ መዳፉን አጠንክሮ ነበር፤ ስኒው ግን የለም የሚያሰኝ ቀላል ነው። ፍሥሐ ስኒውን እዚያው መዳፉ ላይ ደፍቶ አሳየው፤ ጠብ ያለ የለም። ሁለተኛ አመጣ፤ ባዶ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ፤ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ልጁ ሥራውን ትቶ የተነሣውን ስኒ ሁሉ እየሮጠ ያመጣለታል። ከፊት ቤት የትናንቱ ሹፌር ድምፅ ተሰማ፦ «ድገመኝ! ኧረ ሁለት አድርገው! የት ነበር ይኼ ቡና እስካሁን?»

አወቀ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። ደስታ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከእጁ የወጣ ነገር ሰው ከፍሎበት፣ ወድዶት፣ ድገመኝ ሲል የሰማው ዛሬ ነው።

የሥራነሽ ክራንች ወለሉን እየመታ መጣ። ከኋላዋ አንድ ነገር ትጎትታለች፤ በርጩማው ነው። ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችውና «ሲደክምህ እዚህ ዐረፍ በል። በሩማ ራሱን ይጠብቃል» አለችው። ስለ ገባው ቃል አንድም አላነሣችም፤ እሱም አላስታወሳትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማርቆስ ያውቀዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ሹፌሮች ሻይ ቤታቸውን ትተው እዚያ ማረፍ ጀመሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ የሚወጡ ካህናትና ደብተራዎች ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ጠባቧን ቤት ይሞሏታል፤ «ያ ጎርናናው አወቀ ነው የቆላው?» እያሉ ይገረማሉ። ጌቱም ኩራቱን ዋጠና ጠዋት ጠዋት ጓዳ እየገባ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀባዮቹ ሲገቡ መስማት ይማር ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን እጁን አቃጥሏል፤ አወቀ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቃጠለም። ከዓመታት በኋላ አወቀ ከደብረ ኤልያስና ከጉንደ ወይን የመጡ ሦስት ዓይነ ስውራንን ይህንኑ ሥራ አስተምሮ አስወጥቷል። ሲስቱ እንደ ድሮው ነው የሚቆጣቸው።

የዚያው ዓመት ፋሲካ ሆነ፤ ወተት ተመለሰ። ማግስቱን ጌቱ ሁለት ጣሳ ወተት አዘጋጅቶ፣ ልብና ቅጠሉን ሊሥል ማሽኑ ፊት ቆመ። የመጀመሪያው ደንበኛ ገባና ወተቱን አየት አድርጎ «እሱን ተወው፤ የጾሙን ስጠኝ» አለ። ሁለተኛውም «የጾሙን»። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ግማሹ ሰው የጾሙን ሲል ዋለ። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ፋሲካ እስኪደርስ ቀን የቆጠረ ከተማ፣ ጾሙ ሲፈታ የጾሙን አለ። ጌቱም ለአወቀ ሊነግረው ወደ ጓዳ ሮጠ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ አቶ ታረቀኝ አራት እንግዶች አስከትለው መጡ። ከክልል የመጡ ናቸው፤ ካሜራ የያዘም አለባቸው። አቶ ታረቀኝ በሩ ላይ ቆም ብለው ግራና ቀኝ አዩ።

«በሩ ላይ የነበረው ዓይነ ስውርስ?» አሉ።

«ሥራ ላይ ነው» አለች ሥራነሽ።

«የምን ሥራ? ወረቀቱ ላይ እንግዳ ተቀባይ አይደል እንዴ የሚለው? ጥሪልኝማ፣ እንግዶቹ በሩ ላይ ሆኖ ያንሡት። አይቆይም፣ አንድ ደቂቃ ነው።»

ሥራነሽ ወረቀት የምትፈራ ሴት ነበረች፤ ዛሬ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። ፊቷን ወደ ጓዳው መለሰችና «አወቀ! አቶ ታረቀኝ ከእንግዶች ጋር መጥተዋል፤ ወደ በሩ ና ይሉሃል!» ብላ ተጣራች።

ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ስኒውን እንደ ያዘ ወደ ጓዳው ዞረ። ከጓዳው የምጣዱ መንጣጣት ይሰማል። ከዚያም ያ አንድም ደብር ያልፈለገው ሻካራ ድምፅ ጢሱን አልፎ ወጣ፦

«ቡና እሳት ላይ ነው! ጥዬው አልመጣም፤ ይቀመጡና ይጠብቁኝ!»

አቶ ታረቀኝ እንግዶቹን አዩ፤ እንግዶቹም አቶ ታረቀኝን አዩ። ያ የጭነት መኪና ሹፌርና አብረውት የነበሩት ተነሥተው ወንበር ለቀቁላቸው። አምስቱም ተቀምጠው ጠበቁ።